«ጨምርበት» እና «ዝጋው»፦ ዘፈን በልብ ወለድ ሰዎች አንደበት

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሁለት የአማርኛ ሥራዎች ከአገር ርቀው በአውሮፓ ተወለዱ። አንደኛው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ በኋላ «ጦቢያ» ብለን የለመድነው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። ሁለተኛው ተሰማ እሸቴ (ነጋድራስነቱ በኋላ የመጣ ነው) በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጿቸው ዘፈኖች ናቸው። ተሰማን ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ጀርመን የላኳቸው የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ነበር። ሙያውን ተማሩ፤ በዚያውም ድምፃቸውን ሸክላ ላይ አስቀርተው ተመለሱ።

የአማርኛ ልብ ወለድና የአማርኛ ሸክላ እንግዲህ እኩዮች ናቸው። የሚገርመው፣ እነዚህ እኩዮች ለብዙ ዘመን ሰላምታ እንኳን ሳይለዋወጡ መኖራቸው ነው። በቀደሙት ልብ ወለዶቻችን ውስጥ ሰዎች ይመካከራሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይራገማሉ፣ ያለቅሳሉ። አንባቢው ትናንት ማታ የሰማውን ዘፈን ስም ጠርቶ «እስቲ ያንን ክፈተው» የሚል ሰው ግን ፈልጋችሁ አታገኙም።

ለዚህ መጽሔት እንድጽፍ ስጠየቅ «ስለ ሥነ ጽሑፋችን ታሪክ የፈለግኸውን» ነበር የተባልኩት። የመረጥኩት ጠባብ ነገር ነው፦ የልብ ወለድ ሰዎች ሲነጋገሩ ዘፈን ቢያነሡ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅመም ያየዋል። ደራሲው ዘመኑን ለማሳየት አንድ የጥላሁን ዘፈን ጣል ያደርጋል፣ አንባቢው ፈገግ ይላል፣ አለቀ። እኔ ግን ነገሩን ከቅመም ከፍ አድርጌ ነው የማየው። በእኛ ልብ ወለድ ዘፈን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰውየው በራሱ አፍ ሊናገረው የማይደፍረው ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ ያ ዘፈን ሲረሳ የሚጠፋው ዜማው ብቻ አይደለም። ሰውየው የተናገረውም አብሮ ይጠፋል።

ሥሩን ለማየት ከሸክላው በፊት አዝማሪ ቤት መግባት ያስፈልጋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም ግጥሙ ሁሉ ከራሱ አይመነጭም። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይለዋል። ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ያንኑ በዜማ ይመልሰዋል። እስቲ አስቡት፦ ሐሳቡ የአንዱ፣ ድምፁ የሌላው፣ ነገሩ የሚመለከተው ደግሞ ማዶ የተቀመጠውን ሦስተኛ ሰው። ስድብ ከሆነ ሰዳቢው «እኔ ግጥም ሰጠሁ እንጂ ማንን ነካሁ?» ይላል። አዝማሪው «የተሰጠኝን ተቀበልኩ» ይላል። የተነካው ሰውም ሰሙን ይዞ ወርቁን እንዳልሰማ መሆን ይችላል። ሦስቱም ሳይጣሉ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። (ሁልጊዜ እንኳን አይደለም፤ በጠጅ ላይ የተወረወረ ወርቅ ዱላ ያስነሣበት ጊዜም ሞልቷል።)

የልብ ወለድ ንግግር ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለውም። ሰዎች በጣም የሚያስፈልጋቸውን ነገር ፊት ለፊት አይናገሩም፤ በሌላ ሰው ድምፅ አዙረው ይልካሉ። የአዝማሪ ግጥም ግን አንድ ጠባይ አለው፦ ባለቤትም ዓመትም የለውም። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ተባለ ወይስ ትናንት፣ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ በገጸ ባሕርይ አፍ ሲገባ እንደ ተረትና ምሳሌ የሁሉም ንብረት ሆኖ ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ አዲስ አበባ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ነበራት። የታሪኩ ዓለም ግን ከሬዲዮ በፊት የነበረ ጎጃም ነው። በዛብህ የቤተ ክህነት ልጅ ነው፤ ግጥም ሙያው ነው። ልቡ ሲነካ ከሌላ ሰው ዘፈን መበደር አያስፈልገውም፤ ራሱ ይገጥማል። በሸክላ ዘመን የተጻፈ፣ በአዝማሪ ዘመን የሚተነፍስ መጽሐፍ ነው ብል ያስኬዳል። ዛሬም ተማሪዎች ያለ ማብራሪያ የሚገባቸው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ግጥሙ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ነው የተወለደው፤ ከውጭ የሚመጣ ቁልፍ አይፈልግም።

አሁን ወደ ሸክላው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ሸክላ ነጋዴ ወጣት ይህን ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው የአለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አሳተመ። ፊሊፕስም ነበር፤ የአሊ አብደላ ካይፋም እንዲሁ። ከክቡር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ የወጡ ድምፃውያን ስማቸው በሸክላ ልባስ ላይ ታተመ። በዚያ ላይ አሥመራ ያለው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ በሬዲዮው የባሕር ማዶውን ዘፈን ያንቆረቁረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ ወጣቶችም ሸክላቸውንና ጊታራቸውን ይዘው በየትምህርት ቤቱ ገብተዋል። አለማየሁ እሸቴን ያገሬው ሰው ከኤልቪስና ከጄምስ ብራውን ጋር እያነጻጸረ ሲጠራው፣ ንጽጽሩ የገባው ብዙ ሺህ ጆሮ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለልብ ወለድ ምን ለወጠ? ዘፈን ባለቤትና ዓመት አገኘ። ከዚያ ወዲህ አንድ ገጸ ባሕርይ «ጥላሁንን አድርጊልኝ» ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዕድሜውን፣ ከተሜነቱን፣ ምናልባትም ልቡ የተሰበረበትን ዓመት ነግሮናል። ፖለቲካውም አለ። የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው ክቡር ዘበኛ ነበር። የዚያው ክፍል ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ከግርግሩ በኋላ ታስሯል። ሰዉም የፍቅር ዘፈኖቹን መልሶ እየመረመረ «ይቺ እንኳ ለሌላ ናት» ይል ጀመር። ዘፋኙ አስቦት ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው። ጆሮው ግን የአዝማሪ ቤት ጆሮ ነው፤ ወርቅ ፍለጋ የለመደ። ሸክላው ዘመናዊ ሆነ እንጂ ሰሚው አልተለወጠም።

የዚያ ዘመን ምሩቃን ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ሁለቱ ዓለማት ጎን ለጎን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሀሊም ኤልዳብ የሚባል ግብፃዊ የሙዚቃ ሰው የማሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንትና የበገና ባለሙያዎችን ሰብስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተው እዚሁ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ነው። በዚያው ግቢ ቅዳሜ ማታ ልደት አዳራሽ የሚጨፈረው ደግሞ ሌላ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አምሽቶ፣ የኮሌጅ ቀን ግጥም አጨብጭቦ፣ ውቤ በረሃ የሚያድር ትውልድ ነበር። ልብ ወለድ ጸሐፊዎቻችንም ከዚያ ትውልድ መካከል ናቸው።

በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የተማረውን ወጣት ከባላገሩ ጋር ፊት ለፊት ያገጥማል። ዳኛቸው ራሱ እዚሁ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ የተማሪን አነጋገር ከቅርብ ያውቀዋል። መጽሐፉን ስታነቡት ትረካው በንግግር የተሞላ ነው። አደፍርስ በመጽሐፍ ቋንቋ ይከራከራል፤ የአካባቢው ሰው በተረት፣ በምሳሌና በሥነ ቃል ይመልስለታል። ሁለቱም አማርኛ ነው፤ ግን አይተዋወቁም። የልብ ወለዱ ግጭት ግማሹ እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ፦ የጋራ ዘፈን የሌላቸው ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ሲኖሩ።

የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ደግሞ ተቃራኒው ነው። ውቤ በረሃ ሁሉም የጋራ ዘፈን ያለው ሰፈር ነው። ሴቶቹም፣ ደንበኞቹም፣ ተማሪውም፣ ሹፌሩም አንድ ሸክላ ሰምተዋል። ስለዚህ ንግግራቸው አጭር ነው፤ ግማሹን ቃል ሙዚቃው ይጨርስላቸዋል። መጽሐፉ ለረጅም ዓመታት በእጅ ግልባጭ ሲዞር ኖሮ ሙሉው የታተመው በጣም ዘግይቶ ነው። እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። መጽሐፉን ወደ ፈረንሳይኛ በመመለስ የደከመው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ያው ፋልሴቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የእነ አምሃን ሸክላዎች «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራ እንደገና ለዓለም ያሰማው። አጋጣሚ አይመስለኝም። ያን ልብ ወለድ በሌላ ቋንቋ ለማስናገር መዝገበ ቃላት አይበቃም፤ ሸክላዎቹን የሰማ ሰው ያስፈልጋል።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ታዲያ ግጥሙን እንጻፈው ወይስ ርእሱን ብቻ?» ብዙ ጊዜ መልሴ «ሁለቱንም አትጻፉ» ነው። ለማሳየት ራሴ የፈጠርኩትን ትንሽ ትዕይንት ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ። ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነው። እናትና ልጅ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሹፌሩ ካሴት ከፍቷል።

«እባክህ ጋሼ፣ ጨምርበት» አለች ልጅቷ።

«ልጄ፣ ዝጋልኝ እስቲ» አሉ እናትየዋ።

«ኧረ እማዬ! ምን አደረገሽ?»

«የቱን ልስማ እናቴ?» አለ ሹፌሩ፣ እጁን ካሴቱ ላይ አድርጎ።

«ተወው በቃ። ያ ልጅ እያፏጨ ነበር ጠዋት ጠዋት የሚወጣው።»

ከዚህ በኋላ ታክሲው ውስጥ የሚናገር የለም። ዘፈኑ የማን እንደሆነ አልተነገረንም፤ ግጥሙም አልተጻፈም። ልጅቷ የፍቅር ዘፈን ትሰማለች፤ እናትየዋ በ1970 ወጥቶ ያልተመለሰ ወንድ ልጃቸውን ይሰማሉ። እናቱ ስሙን አልጠሩም፤ በዚያ ዘመን ታክሲ ውስጥ፣ በማያውቁት ሹፌር ፊት አይጠራምና። የዘፈኑ ሥራ ይኸው ነው፤ «ተቀበል» ተብሏል፣ ካሴቱ ተቀብሏል። ሁለት መስመር ግጥም ቢጨመርበት ይበላሻል። አንባቢው እናትየዋን ትቶ ዘፈኑን ማንጎራጎር ይጀምራላ!

የደርግ ዘመን ለዚህ ዓይነቱ ንግግር ምቹ ጊዜ ነበር፤ በሚያሳዝን መልኩ ማለቴ ነው። ሸክላ ቀርቶ ካሴት መጣ። ካሴት በቀላሉ ይባዛል፣ በኪስ ይያዛል፤ ዘፈን እንደ ወሬ ከሰው ሰው መተላለፍ ጀመረ። ዘፈንም መጽሐፍም በሳንሱር ያልፋሉ። ነገር ግን ሳንሱር የሚያየው ቃሉን ነው። ፈቃድ ያገኘ ዘፈን በልብ ወለድ ሰው አፍ ሲጠራ ምን ማለት እንደሚሆን ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ አልነበረም። በሌላ ወገን የየቀበሌው የኪነት ቡድን ልጆችን ሰብስቦ መፈክር የሚመስል ዘፈን ያስጠናል። በዚያ ዕድሜ የነበራችሁ ቃሉን ዛሬም ከእንቅልፋችሁ ቢቀሰቅሷችሁ ትወጡታላችሁ። በልብ ወለድ ውስጥ አንድ ሰው ጫማውን እያሰረ የኪነት ዘፈን ቢያንጎራጉር ምን እያለ ነው? አምኖ ነው? እየቀለደ ነው? ወይስ ጎረቤት እንዲሰማለት? ያን ዘመን የኖረ አንባቢ ከአንድ ቃል ይለየዋል፤ ያልኖረው አይለየውም።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ከዘፈን ትንሽ ወጣ ያለ፣ ግን የዚሁ ጉዳይ ወንድም የሆነ ምሳሌ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይሄዳል። ርእሱን የሰጠው ቃል መነሻው ጣልያንኛ ሲሆን አገሬው የራሱ አድርጎታል፤ «አለቀ፣ አበቃ፣ የማይመለስ ሆነ» ዓይነት ስሜት አለው። ከመንገድ የተነሣ ቃል ነው። በዓሉ ያን ቃል ከሰዎች አፍ አንሥቶ የዘመቻው ሁሉ ፍርድ አደረገው። የመንግሥት ንግግርና መግለጫ በሞላበት መጽሐፍ ውስጥ እውነቱን የያዘው አንድ የሰፈር ቃል ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የአነጋገር ምርጫ ያን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ማስረጃ ፈልጋችሁ ሩቅ አትሂዱ።

አሁን ወደ ሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ምሩቅ የእጅ ጽሑፍ የሆነ አጭር ልብ ወለድ ላኩልኝ፤ ታሪኩ በሰዓት እላፊ ዘመን አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ነው። ወንድና ሴት አንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው እየተጫወቱ ነው። ባንዱ አንድ ለስላሳ ዘፈን ይጀምራል። ሴትየዋ «ዘፈናችን መጣ» ትልና ቦርሳዋን ታነሣለች። በቃ፤ ታሪኩ እዚያ ያልቃል። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ሰጠኋቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል በአንድ ድምፅ «የፍቅራቸው ዘፈን ነው፣ ልትደንስ ተነሣች» አሉ። ጎበዞቹ ዘፈኑን ስልካቸው ላይ ፈልገው አዳመጡትና «አሪፍ ዘፈን ነው፣ በጣም ሮማንቲክ ነው» ብለው ትርጓሜያቸውን አጠናከሩ።

የሰዓት እላፊን ምሽቶች የምታውቁ ግን ምን እንደሆነ ገብቷችኋል። በዚያ ዘመን ክበብ ውስጥ ሰዓቱ ያለፈበት ሰው እስኪነጋ እዚያው ተዘግቶበት ያድራል። በታሪኩ ውስጥ ባንዱ ያን ዘፈን የሚጫወተው ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ነው። የሚሄድ ይሂድ፣ የሚያድር ይደር ማለት ነው። ሴትየዋ ቦርሳዋን ስታነሣ «ካንተ ጋር አላድርም» ማለቷ ነው። አንድም ክፉ ቃል ሳትናገር፣ ሰውየውንም ሳታዋርድ፣ በዘፈን አሳብባ እምቢ አለችው። ተማሪዎቼ ያነበቡት እሺታ ነው። የታሪኩ ልብ ተገልብጦ ተነበበ፤ ያውም ዘፈኑን ሰምተውት!

ይህን ለወቀሳ አልተናገርኩትም። ልጆቹ የሚችሉትን አድርገዋል። ዘፈኑ አልጠፋም፤ በአንድ ደቂቃ ተገኝቷል። የጠፋው ዘፈኑ የት፣ መቼ፣ ለማን ይዘፈን እንደነበር ነው። ያ በሸክላም በካሴትም አልተቀረጸም። ያለው እናንተ ጋ ነው።

ዛሬ የሚጽፉት ደራሲዎች ችግሩን በተለያየ መንገድ ይዘውታል። እኔ ከሁሉም የማደንቀው አዳም ረታን ነው። «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ» ብሎ የልጆች መጫወቻ ዘፈን ለመጽሐፉ ርእስ ሲያደርግ ማንም አማርኛ ተናጋሪ የልጅነት ግቢው ትዝ ሳይለው አያልፍም። በ«ግራጫ ቃጭሎች» እና በሌሎች ሥራዎቹም የሰፈር ዘፈን፣ የዕቃ ስም፣ የቡና ላይ ወሬ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። እሱ ራሱ አጻጻፉን «ሕጽናዊነት» ብሎ ከእንጀራ ጋር አያይዞ ነው የሚያስረዳው። ግን ልብ በሉ፦ ብዙ ጊዜ ዘፈኑ አጠገብ ሽታ፣ ብርሃን፣ የሰው ፊት አለ። ዘፈኑን የማያውቅ አንባቢም ከዙሪያው ተነሥቶ ይደርስበታል።

የማይጥመኝን ደግሞ ልናገር። በቅርብ ዓመታት የ1960ዎቹን ዘመን የሚተርኩ ልብ ወለዶች በዝተዋል። አንዳንዶቹ ሰዎቻቸውን እንደ ሙዚቃ ቤት ሻጭ ያናግሯቸዋል። በየገጹ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ሙሉቀን መለሰ ይዘረዘራሉ። ኧረ ተዉ! በዚያ ዘመን የኖረ ሰው እኮ «ዋልያስ ባንድ የተባለው ዝነኛ ባንድ» ብሎ ለጓደኛው አያስረዳም፤ ጓደኛውም ያውቃላ። እንዲህ ያለው ንግግር ለአንባቢ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው፤ ሰው ለሰው የተናገረው አይደለም። አንድ ዘፈን በቦታው ሲመጣ ከሃያ ስም ይበልጣል።

ከአገር ርቀው ስለሚኖሩ ሰዎች የሚጽፉም በዝተዋል፤ እዚህ ላይ ዘፈን ሌላ ሥራ ይሠራል። በ1970ዎቹ ወጥቶ ዋሽንግተን የከረመ ሰው ካሴቱ ሲወጣ ያለው ላይ ቆሟል። የእህቱ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ መኪናው ውስጥ ስትቀመጥ፣ እሱ የሚከፍተው ዘፈን ለእሷ የእናቷ ዘፈን ነው። «ይሄ ገና አዲስ እያለ ነው የመጣሁት» ቢላት ስንት ዓመት እንዳለፈበት ለራሱም ነገረ ማለት ነው። አንድም ቁጥር አላስፈለገም።

ሕጉን የሚጠይቁኝ ወጣት ደራሲዎች አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ምንጩን ጠቅሶ በልክ መጥቀስን አይከለክልም። ሙሉ ግጥም ገልብጦ በገጸ ባሕርይ አፍ ማስገባት ግን ሌላ ነው፤ ገጣሚውም ሰው ነው፣ ይጠየቅ። ከሕጉ በፊት ግን ጥበቡ ይከለክላችኋል፤ ታክሲ ውስጥ የነበሩትን እናት አስታውሱ።

ዘፈን ከልብ ወለድ መበደሩንም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ሁሉ የሰዎቹን ድምፅ አወቀ። «ጉዱ ካሳ» ከዚያ ወዲህ የማንም አፈንጋጭ መጠሪያ ሆኗል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ቴዲ አፍሮ «ማር እስከ ጧፍ» ብሎ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ዘፈን አደረገው። አሁን አንዲት የዛሬ ልጅ በአዲስ ልብ ወለድ ውስጥ ያን ዘፈን ብታነሣ፣ የምትጠቅሰው ማንን ነው? ዘፋኙን? ተራኪውን? ሐዲስ ዓለማየሁን? መጽሐፉን ገልጣው የማታውቅ ልትሆን ትችላለች። ሆኖም ሰብለ ማን እንደሆነች ታውቃለች። ከአዝማሪ ቤት ወጥተን በሸክላ፣ በሬዲዮና በካሴት አልፈን ተመልሰን ባለቤቱ የማይጠየቅበት ግጥም ጋ ልንደርስ ምንም አልቀረን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት ልብ ወለድ አለ፤ የመጀመሪያው እትም ነው። የቀድሞ ባለቤቱ፣ ከጽሕፈቱ እንደምገምተው ተማሪ፣ በንግግሮቹ ዳር በእርሳስ ማስታወሻ ጽፎበታል። ገጸ ባሕርይው «ያቺን ነገር ሲዘፍኗት» ባለበት ቦታ የድምፃዊቷን ስም ጽፏል። ሌላ ቦታ ላይ «ይህን እኛም ግቢ ውስጥ ለፕሮክተሩ እንለው ነበር» ይላል። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ «ሐሰት! ያኔ ይህ ሸክላ አልወጣም» ብሎ ደራሲውን በጩኸት አርሞታል። ከዚያች መጽሐፍ የተማርኩት በእኔ ዘመን ከጻፍናቸው ብዙ ጥናቶች ይበልጣል።

በዘንድሮው የመገናኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር ክፍል ይዘን እንቀመጣለን። ቤታችሁ ያሉትን የዚያን ዘመን ልብ ወለዶች ይዛችሁ ኑ፤ የተቀደደም ቢሆን፣ ልባሱ የጠፋም ቢሆን። ልጆቹ ያነቡላችኋል፤ እናንተ ዘፈን በተነሣበት ቦታ አስቁሟቸው፦ የት ይዘፈን ነበር፣ ማን ሲሰማው ይነሣ ነበር፣ ማን ሲሰማው ያቀረቅር ነበር። መቅጃ ይኖራል። እርሳስም አዘጋጅተናል።